አበባዬን የበላው በግ

ሰሞኑን ከስራ ስገባ ቤቴን ከመክፈቴ በፊት፣ ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ፣ አንዳንዴም ዳቦ በፌስታል እንዳንጠለጠልኩ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ጣሳዎቼን አንድ ባንድ እዞራቸዋለሁ። ጠዋት ጥፍር ታክል የነበረችው እምቡጥ ከፈት ብላ እንደሆነ፣ ቀንድ አውጣ የጎበኘው ቅጠል ካለ፣ አፈሩ ደርቆ እንደሆነ በጣቴ ወጋ አርጌ አያለሁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አምስት ብዬ እጀምርና ግማሽ ሰዓት የቆምኩበትም ማታ አለ፣ እራት ሳልበላ፣ ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ የጽጌረዳ ቀንበጥ ላይ ያሉ ክሽክሾችን (ጭማቂውን ሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው) በጣቴ እየጠረግኩ። የግቢው ሰው ለምዶኛል። ድሮ ግን "ምን ጠፍቶህ ነው?" ይሉኝ ነበር።

ምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ነው፣ እንጦጦ ስር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። አንድ ክፍል ናት፣ ደጇ ላይ አልጋ ቢዘረጋ ሚሞላት ሲሚንቶ አለች፣ ከሷ ቀጥሎ የአከራዬ የልብስ ማስጫ ገመድና የውሃ ሮቶው ማማ። አትክልት ስፍራዬ በቃ ይቺው ናት። ዘጠኝ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ አናታቸው የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች፣ ቀለም ቀቢዎች ጥለዋቸው የሄዱ ባልዲዎች፣ አንገቷ የተሰበረ ጀበና (ጤና አዳም አለባት፣ በጣም ታምርባታለች)፣ እና አንድ የእውነት የአበባ ማሰሮ፣ ጓደኛዬ ለልደቴ የገዛልኝ፣ ሚገርመው እሷ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ይሞታል።

ሁሉም ጣሳ ውስጥ የሆኑት ለማማር አይደለም መቼም። ተከራይ ነኝ። መጀመሪያ የተከራየሁት ቤት ገርጂ ነበር፣ እዛ መስኮቴ ስር መሬቱን ቆፍሬ ቀይ ጽጌረዳ ተከልኩ፣ በሁለት አመቱ መስኮቱን አልፎ ወጣ፣ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ አበባው ነበር ቀድሞ ሚያየኝ። ከዛ አከራዩ ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ አለኝ፣ ወጣሁ። ከወራት በኋላ በዛ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ ስለነበር አንገቴን አስግጌ አየሁ፣ ጽጌረዳው የነበረበት ቦታ ሲሚንቶ ተደርጎ መኪና ቆሞበታል። በሱ አልፈርድም፣ ግቢው የሱ ነው። እኔ ግን ከዛን ቀን ወዲህ መሬት ላይ ተክዬ አላውቅም። ከገርጂ ወዲህ ሶስት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ፣ ሶስቱንም ጊዜ አበቦቼ አይሱዙ ላይ ተጭነው አብረውኝ ሄደዋል። የመጨረሻው ጊዜ አንዱ ጫኝ ጣሳዎቹን አይቶ "ወንድሜ፣ ሰው ፍሪጅ ይጭናል፣ አንተ አፈር ትጭናለህ?" ብሎኝ ለብቻው 200 ብር ጨመረብኝ። ከፈልኩ። ምን ላድርግ፣ እውነቱን ነው።

እና አሁን ወቅቱ የኛ ነው፣ የአበባ ሰዎች ወቅት ማለቴ ነው። ስሙን ግን ምን ልበለው? ትምህርት ቤት አራቱን ወቅቶች ስንማር ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ ተብለን በቃላችን ይዘን ነበር፣ ግን ስንቶቻችን ነን የቱ የት እንደሚውል ምናውቀው? ፀደይ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱ ላይ ሚመጣው የመስከረም አበባ ነው፣ ምክንያቱም የፈረንጅ ፊልም ላይ "ስፕሪንግ" አበባ ሚፈነዳበት ጊዜ ስለሆነ ትርጉሙ ፀደይ ተብሎ ይመጣና አበባውን ይዞት ይመጣል። በኛ ቆጠራ ግን ፀደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ሚወጣው ነው፣ የበልጉ ጊዜ። የአበባው ወቅት መፀው ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ሚያስቀው ደሞ በዚሁ ቆጠራ ከሄድን መስከረም 1 ላይ ገና ክረምት ውስጥ ነን፣ አዲስ አመት ተብሎ፣ በግ ታርዶ፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ለብሶ፣ ክረምቱ ሊወጣ 25 ቀን ይቀረዋል። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው መስከረም መጀመሪያ ላይ ዝናብ ሲያበሰብሰኝ መናደድ ያቆምኩት። አልዘገየም እኮ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ነው ሚወጣው።

በነገራችን ላይ ቤተክርስቲያን ሚሄድ ሰው ይሄን ጊዜ በሌላ ስሙ ያውቀዋል፣ ዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን። ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሚቆምበት ነው። እኛ ሰፈር ካለችው ቤተክርስቲያን ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ዜማው በነፋሱ እየተቆራረጠ ይደርሰኛል፣ ቃሉን አልሰማውም፣ ከበሮውን ግን እሰማዋለሁ። አበባ ብሎ አርባ ቀን ሚቆም ሀገር ውስጥ ሆኜ ለምንድነው አበባ ሳጠጣ ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ የነበረው ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። "ወንድ ልጅ ቆሞ አበባ ያጠጣል?" ያለኝ የበፊቱ ግቢ ዘበኛ ነበር። ይኸው ሰውዬ እንቁጣጣሽ ሲሆን አደይ አበባ ኮፍያው ላይ ይሰካ ነበር።

ስለ ውሃ ካላወራሁ ግን ዋሽቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አበባ መያዝ ማለት ከውሃ ፈረቃ ጋር መኖር ማለት ነው። እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጣ ነው፣ እሷም ሌሊት። ክረምቱን ችግር የለም፣ ሰማዩ ያጠጣልኛል፣ እንደውም ጣሳዎቹን ስር ስራቸውን በሚስማር በደንብ ካልበሳሁ ስራቸው ይበሰብሳል። ጭንቁ ሚጀምረው ዝናቡ እንደቆመ ነው። ልክ አበባው ሁሉ አፉን ሲከፍት ሰማዩ ይዘጋል። አከራዬ (እትዬ ነው ምላቸው፣ ስማቸውን አልጠራም ይቆጡኛል) የገባሁ ሰሞን ባልዲ ይዤ ከሮቶው ስቀዳ አይተውኝ "አንተ ልጅ፣ ይሄን ውሃ ለሱ ደፍተኸው ምን ልትጠጣ ነው?" አሉኝ። አፈርኩ። እውነት ነው፣ ሮቶው የጋራ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው ከቦኖ በእንስራ የቀዱ ሴት ናቸው፣ የአንድ ባልዲ ውሃ ክብደት ከኔ በላይ ጀርባቸው ያውቀዋል።

ከዛ በኋላ በእጣቢ ነው ማጠጣው። የሩዝ እጣቢ፣ የምስር እጣቢ፣ የቲማቲም እጣቢ። ሳሙና የነካውን አልጠቀምም። የቡና አተላ ደግሞ ውሃ ጨምሬበት ለጽጌረዳዎቹ፣ ግን ብዙ አይደለም፣ አንዴ ጎበዝ ነኝ ብዬ የሳምንቱን አተላ አንድ ጣሳ ላይ ከምሬ ሻጋታ አበቀልኩበት። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሶስት ወር ከሄድን በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀምጦ አገኘሁ፣ ግማሽ ድረስ ነጭ ውሃ። የሩዝ እጣቢ ነው። እትዬ አስቀምጠውልኝ ነው፣ ምንም አላሉም፣ እኔም ምንም አላልኩም፣ ማታ ሳፋውን አጥቤ በራቸው ላይ መለስኩ። ከዛ ወዲህ ሩዝ በተሰራ ቁጥር ሳፋው ይመጣል። እንደውም አሁን አሁን ሩዝ ሚሰሩት በዝቷል መሰለኝ፣ ወይ እኔ ነኝ ልብ ማለት የጀመርኩት።

ስለ ጽጌረዳ ምትክ የሌለው አስተማሪ አለኝ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፣ ሰበታ አካባቢ ካሉት የአበባ እርሻዎች አንዱ ውስጥ ግሪንሃውስ ላይ ሰርቷል። ያው እንደሚታወቀው ሀገራችን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ዝዋይ ሄዶ ያንን የፕላስቲክ ቤት ያየ ሰው አበባው ጠዋት ተቆርጦ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ሄዶ ሆላንድ እንደሚያድር ያውቃል። ይሄ ጓደኛዬ ነው የቀን አቆጣጠሩን ያስተማረኝ። ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላ እስኪያብብ ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈጃል፣ ብርድ ከሆነ ስምንትም ይሞላል፣ ስለዚህ አበባውን ምትፈልግበትን ቀን ይዘህ ወደኋላ ነው ምትቆጥረው። እነሱ የካቲት መጀመሪያ ላይ ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን እንዲደርስ ኅዳር መጨረሻ ላይ ይቆርጣሉ። እኔ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስልኝ ሐምሌ መሀል ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቄ፣ መቀሱን በአረቄ ጠርጌ፣ ወደ ውጪ ምታይ ዓይን ካለችበት ከፍ ብዬ ገደድ አርጌ እቆርጣለሁ። "ዓይን" ሚሏት ቅርንጫፉ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ናት፣ ቀንበጥ ሚወጣው ከሷ ነው። ወደ ውጪ ምታየውን ምትመርጠው ቅርንጫፎቹ ወደ መሀል ገብተው እንዳይተፋፈኑ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስቆርጥ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የምር፣ ያንን ሁሉ ቅጠል አራግፌ እሾህ ያለው እንጨት ብቻ ሲቀር ገደልኩት ብዬ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአስራ ምናምነኛው ቀን ዓይኗ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀንበጥ፣ የክብሪት ጫፍ ታክላለች፣ ጤዛ ይዛ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላኩለት። "ገና ምን አየህ" ብሎ መለሰልኝ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨዋል እሱን። እነዛ እየተላኩ ያሉት ጽጌረዳዎች ብዙዎቹ አይሸቱም ይላል፣ ብዙ ቀን እንዲቆዩና መንገድ እንዲችሉ ተብለው ስለተመረጡ ሽታው መንገድ ላይ ቀረ። የኔ ሮዟ፣ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ በ150 ብር የገዛኋት፣ ስሟን እንኳን ማላውቃት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲነካት ደጁን ትሞላዋለች። በሶስተኛ ቀኗ ትረግፋለች በቃ። ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አፍንጫውን ከቷት ብዙ ቆየ፣ ምንም አላለም።

እንግዲህ ወደ አደዪቱ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

አደይ አበባን ማንም አይተክላትም። በራሷ ነው ምትበቅለው፣ በየማሳው ዳር፣ በየአጥሩ ስር፣ እንጦጦ ላይ ባህር ዛፉ ገለጥ ባለበት ሜዳ። ክረምቱን ሙሉ ተራ አረም መስላ ትከርምና መስከረም ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሜዳው ሁሉ እሷ ይሆናል። የመስቀል ወፍና የአደይ አበባ ቀጠሮ አላቸው መስከረም ሲጠባ እንደሚባለው። የኔ ምኞት ደግሞ ቀጠሮው እኔ ደጅ እንዲሆን ነበር። እዚች ከተማ ውስጥ ደግሞ ይሄ ብርቅ ምኞት አይመስለኝም፣ በ1879 ዓ.ም ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ ያሏት ከተማ ናት፣ ስሟ አበባ ሆኖ አበባ ስትፈልግ ከመንገድ ዳር እስር ትገዛለህ።

መጀመሪያ ሞከርኩ፣ ከእንጦጦ ከነስሯ ነቅዬ በፌስታል ይዤ ወረድኩ፣ ቤት ስደርስ አንገቷን ደፍታለች፣ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ውሃ አጠጣኋት፣ ማታ ላይ እንደታጠበ ካልሲ ነበር ምትመስለው። በሚቀጥለው አመት ኅዳር ላይ ዘሯን ለቅሜ መጣሁ፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ቀጭን ነገር ነው፣ የሰይጣን መርፌ ምንላት ሱሪ ላይ ምትጣበቀዋ አረም ዘመዷ ናት አሉ፣ ሳያት አምኛለሁ። ሰኔ ላይ እንደ ባቄላ ጣቴን አስገብቼ ጥልቅ አርጌ ቀበርኩት። አንድም አልወጣም። አሁን ሲገባኝ እሷ መቼ ተቀብራ ታውቃለች፣ ትረግፋለች በቃ፣ ዝናብ ይረግጣታል።

ዘንድሮ እንደሷ አረኩ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ የቀለም ባልዲ በአፈርና በፍግ ሞልቼ ዘሩን ከላይ በተንኩት፣ መዳፌን ጫን አረኩበት፣ ሄድኩ። አስራ አራት በቀሉ። ሶስቱን አስቀርቼ ሌላውን ነቀልኩ፣ መንቀሉ ሆዴን በላኝ ግን ለአንድ ባልዲ ብዙ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከስራ ስመጣ ከሶስቱ አንዷ ብቻ ናት ያለችው፣ እትዬ ባልዲው አጠገብ ጎንበስ ብለው ሁለተኛዋን በእጃቸው ይዘዋል።

"እትዬ! ምን እያረጉ ነው?"

"አረም በቅሎብህ ነዋ! ስራ ይዘህ ጊዜ አጣህ ብዬ።"

"አረም አይደለም፣ አደይ ናት።"

ቀና ብለው አዩኝ፣ ባልዲውን አዩት፣ መልሰው አዩኝ። "አደይ ይተከላል እንዴ? አደይን ሚተክላት እግዜር ነው!" አሉና እየሳቁ ገቡ። የተነቀሉትን ሁለቱን ግን ቀስ ብለው መልሰው አፈሩ ላይ አስተኝተዋቸው ነበር፣ ከሄዱ በኋላ ነው ያየሁት። አልዳኑም።

አንዷ ቀረችኝ። ጳጉሜ ሲገባ ጉልበቴ ድረስ ደርሳ ነበር፣ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ፣ አናቷ ላይ የተቋጠሩ አረንጓዴ እምቡጦች፣ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ጭረት እያሳዩ። ጽጌረዳዋም በተቆጠረላት ቀን እየሄደች ነው፣ አራት እምቡጥ። ዳሊያዋ (ስሯ እንደ ድንች ነው፣ በጋውን በወረቀት ጠቅልዬ አልጋ ስር አሳድራታለሁ) ሁለት። እኔ በየቀኑ እቆጥራለሁ፣ ስራ ቦታ ሁሉ ሰው ለእንቁጣጣሽ ምን አሰባችሁ ሲባባል እኔ በሆዴ "ሶስት አበባ ላንድ ጠዋት" እያልኩ ነው።

ጳጉሜ 2 እትዬ በግ ገዝተው መጡ።

ነጭ፣ አናቱ ላይ ቡናማ ያለበት፣ ላቱ የተንዠረገገ፣ ሚያምር በግ ነው፣ አልዋሽም። ሮቶው ማማ እግር ላይ አሰርነው። እንደውም ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ጳጉሜ 4 ጠዋት በር ስከፍት በጉ ገመዱን እየጎተተ መሀል ደጄ ላይ ቆሟል፣ አፉ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ከከንፈሩ አንድ የዳሊያ ቅጠል ተንጠልጥሏል። አየኝ። ማኘኩን አላቆመም። እኔም ጥርስ ብሩሽ ይዤ ቆሜ አየሁት፣ እኔ እንጃ ለምን እንዳልጮህኩ፣ አፉ ውስጥ ያለው ካለቀ በኋላ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ይመስለኛል።

ጉዳቱን ስቆጥር፣ ዳሊያ እስከ አፈር፣ ሜሪጎልዶቹ በሙሉ፣ የጽጌረዳዋ ቀንበጦች ከነእምቡጣቸው፣ እሾሁን እንዴት እንዳለፈው አላውቅም። ጀራኒየምን አልነካም፣ ጤና አዳምንም አሽትቶ ትቷታል፣ ጀበናዋ ብቻ ተጋድማለች። አደይቱ ስንዝር ማትሞላ ግንድ ሆና ቀርታለች፣ አናቷ የለም፣ የተቆረጠው ቦታ እርጥብ ነው ገና፣ ያብለጨልጫል። እትዬ ወጥተው ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ውይ በሞትኩት" አሉ። ከዛ በጉን በገመዱ ጭራ ጀርባውን ቸብ አረጉት፣ ለወጉ ያህል።

እንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች መጡ፣ አበባየሆሽ እያሉ፣ እርጥብ ሳርና አደይ ይዘው፣ አንደኛዋ ጥርሷ የረገፈ ስድስት አመት ቢሆናት ነው። ግቢ ገብተው ከዘፈኑ በኋላ ያቺ ትንሿ የኔን ጣሳዎች አይታ፣

"ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"በግ በላው።"

"የቱ በግ?"

በእጄ ወደ እትዬ ወጥ ቤት አሳየኋት፣ የድስቱ ሽታ ደጁ ድረስ ይመጣል። ዞራ አየች፣ ገባትና በሳቅ ፍርስ አለች፣ ለጓደኞቿ ስታወራ እየሰማሁ በሩን ወጡ። ከያዘችው ውስጥ ሁለት አደይ መዝዛ ባዶው ባልዲ ላይ ሰክታልኝ ነው የሄደችው። ምሳ ላይ እትዬ ሳህኔ ላይ ትልቁን ጥብስ አውጥተው "ብላ፣ ያንተው አበባ ነው" አሉኝ። በላሁ። ይጣፍጥ ነበር፣ ሌላ ምን ልበል።

ጓደኛዬ ጋር ደውዬ ሳለቅስለት ግን እሱ መሳቅ ጀመረ። "ፒንች ተደርጎልህ ነው ባክህ!" አለኝ። እርሻ ላይ አናቱን በጣት ሚቀነጥሱት ተክል አለ፣ አናቱ ሲሄድ ከታች ከየቅጠሉ ብብት የተኙት ዓይኖች ይነቃሉ፣ አንድ የነበረው ግንድ አራት አምስት ይሆናል። "አንተ ሆድህ አይችልም ነበር መቁረጥ፣ በጉ ሰራልህ፣ ዝም ብለህ አጠጣ።" ለማጽናናት ያለኝ ነበር የመሰለኝ። ባላምንም አጠጣሁ። መስከረም አስር ገደማ ያቺ ስንዝር ግንድ ጎንና ጎኗ ላይ ነጠብጣብ አወጣች። ደመራ እለት፣ መስከረም 16፣ ሰው ሁሉ ችቦና አደይ ይዞ ሲወርድ የኔዋ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ናት፣ ከሌላው በሶስት ሳምንት ወደኋላ የቀረች፣ ግን ስድስት ቅርንጫፍ።

መስከረም 29 ጠዋት የመጀመሪያዋ ተከፈተች። ቁርሴን ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የበላሁት፣ ስራ አረፈድኩ። ከሩቅ እንደ ማሳ ስናያት ቢጫ ብቻ ናት፣ አንዷን ለብቻዋ ቁጭ ብለህ ስታያት ግን ሌላ ነው፣ ስምንት ቅጠል፣ እያንዳንዱ ላይ ከመሀል ወደ ጫፍ የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች፣ እንደ ጥበብ ጥለት፣ መሀሏ ላይ ደሞ ደቃቃ ደቃቃ አበቦች ታጭቀዋል፣ ከዳር ወደ ውስጥ ተራ በተራ ነው ሚከፈቱት። ንብ መጣች። ዳር ዳሩን ዞረች፣ ወደ መሀል አልገባችም፣ ገና መሆኑን ታውቃለች። በሚቀጥለው ቀን አንድ ቀለበት ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ይሄን ሁሉ አመት አደይን በእስር ስገዛ ይሄን አይቼ አላውቅም።

አሁን ጥቅምት ነው፣ አስራ ሰባት አበባ ቆጥሬባታለሁ፣ ሜዳው ላይ ያሉት እየጠወለጉ እሷ ገና ናት። እትዬ ሲያልፉ ቆም ይላሉ። እሳቸው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው ያደጉት፣ ከአደይ በኋላ የሚቆረጠውን ማር፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ አባታቸው ሌሊት በጭስ ሲቆርጥ ተከትለው ሄደው ሰፈፉን ያኝኩ እንደነበር ነገሩኝ፣ አስር ደቂቃ ሙሉ፣ የልብስ ቅርጫት ይዘው ቆመው። ሁለት አመት እዚህ ግቢ ስኖር ስለ አባታቸው ሲያወሩ የመጀመሪያዬ ነው። ጨርሰው ሲሄዱ "ብርዱ ሳይመታት ዘሩን ያዝላት" አሉኝ። እኛ ጋር ከፍታ ስለሆነ ሌሊቱ ይከፋል፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ሚባለው ዝም ብሎ አይደለም፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጭ አለ። ጽጌረዳዋም ከበጉ በኋላ ከየዓይኗ መልሳ አውጥታለች፣ ሰባት እምቡጥ፣ ይቺ ደሞ በቆጠራው ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ ትፈነዳለች ብዬ አስባለሁ። ዳሊያ ግን በቃት፣ ስሯን አወጣሁና ወረቀት ውስጥ ጠቀለልኳት።

የቤት ኪራይ ውሌ ጥር ላይ ያልቃል። እትዬ ስለሱ እስካሁን ምንም አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ባልዲው እጀታ አለው፣ ትናንት ብድግ አርጌ ክብደቷን ሞከርኩ፣ ምትቻል ናት። ዘሯን ለሁለት ፖስታ ነው ምይዘው፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱን እዚሁ አጥሩ ስር እበትነዋለሁ፣ ሰው ይተክላል አይተክልም ከእትዬ ጋር ምንጨቃጨቅበት ነገር ይኖረን ዘንድ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሮቶው ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ውሃ መጣች። ባልዲ ልያዝ፣ ቀረሁ።